ዝናቡ አውቶቡስ ሲጠብቅ

ለማስተማር ልምምድ 7ኛ ክፍል ገብቼ ሰሌዳው ላይ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «ዌይቲንግ ፎር ዘ ባስ ኢን አስኮ፣ ዘ ሬይን ቢት ሚ።» በሐሳቤ «አስኮ አውቶቡስ ስጠብቅ ዝናብ መታኝ» ማለቴ ነበር። ተማሪዎቹ አንድ ሳይቀሩ ገለበጡት። ከኋላ ተቀምጠው ሲከታተሉኝ የነበሩት መምህር ደወሉ እንደተደወለ ጠርተውኝ «ለመሆኑ አውቶቡሱን ሲጠብቅ የነበረው ማን ነው? አንተ ወይስ ዝናቡ?» አሉኝ።

እውነትም እንግሊዝኛው «ዝናቡ አውቶቡስ ሲጠብቅ መታኝ» ነው የሚለው። አማርኛችን እንዲህ ያለ ጣጣ የለበትም። «ስጠብቅ» ሲባል «እኔ» የሚለው ባለቤት እዚያው ግሱ ውስጥ አለ። ቦዝ አንቀጹም «ጠብቄ፣ ጠብቀሽ፣ ጠብቆ» እያለ ባለቤቱን ተሸክሞ ነው የሚዞረው። የእንግሊዝኛው ፓርቲሲፕል፣ በ«ኢንግ» የሚያልቀው ማለቴ ነው፣ የማን እንደሆነ በራሱ አይናገርም። ስለዚህ አንባቢው ባለቤቱን የሚፈልገው ከነጠላ ሰረዙ ቀጥሎ ከሚመጣው የዋናው ዓረፍተ ነገር ባለቤት ላይ ነው። እኔ እዚያ ቦታ ላይ ዝናቡን አስቀመጥኩት! «ዌይቲንግ ፎር ዘ ባስ፣ አይ ጎት ዌት» ብል ወይም «ዋይል አይ ዋዝ ዌይቲንግ» ብዬ ብጀምር ይቃና ነበር። ዝናብ «መታኝ» ማለቱ ራሱ ያማርኛ አነጋገር ነው፤ እንግሊዝኛው «ረጠብኩ» ቢል ይቀለዋል።

ሌላው የብዙዎቻችን ስህተት «ዘ ቡክ ዊች አይ ቦት ኢት» ነው። ይቺ «ኢት» ከየት መጣች? «የገዛሁት መጽሐፍ» ስንል «የገዛሁት» ላይ ካለችው «ት» ነው የመጣችው። በእንግሊዝኛ ግን «ዊች» ራሱ ተሳቢውን ተክቶ ስለቆመ ሌላ ተሳቢ አይጨመርም።

«ቡራዩ የሚኖረው ወንድሜ» የሚለውንም እንይ። አማርኛው ሌላ ወንድም ይኑረኝ አይኑረኝ አይለይም። «ማይ ብራዘር ሁ ሊቭስ ኢን ቡራዩ» ያለ ነጠላ ሰረዝ ከተጻፈ ግን ከወንድሞቼ መካከል የቡራዩውን መለየቴ ነው። «ሁ ሊቭስ ኢን ቡራዩ» የሚለው በሁለት ነጠላ ሰረዝ ከታጠረ ያለኝ አንድ ወንድም ነው።

እነዚያ ልጆች 9ኛ ክፍል ሲደርሱ አብዛኛውን ትምህርት በእንግሊዝኛ ነው የሚማሩት። ስለዚህ በማግስቱ ገብቼ «የትናንቱ ተሳስቷል፤ ጥፋቱም የኔ ነው» አልኳቸው። ከፊት የተቀመጠች ልጅ እጇን አወጣች፦ «ቲቸር፣ በእስክሪብቶ ነው የጻፍነው፤ ምን እናድርገው?»

«ሰርዙትና ከሥሩ ጻፉ» አልኩና ጠመኔውን አነሳሁ።