ያለ ምክንያት የሚገዝፍ ባክአፕ

ጭማሪ ባክአፕ ካለፈው ቅጂ ወዲህ የተለወጡ ፋይሎችን ብቻ ይወስዳል። ብዙ ሥራ ባልተሠራበት ሌሊት ቅጂው ድንገት ከገዘፈ፣ ፕሮግራሙ ያልተነኩ ፋይሎችን እንደ ተለወጡ ቆጥሮ ሊሆን ይችላል።

ጉዳዩ የአገር ቅርስንም ይነካል። ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም ሲቀረጹ አንዱ ቅጂ አዲስ አበባ፣ ሌላው አሜሪካ ሚኒሶታ ተቀመጠ፤ ታላቅ አርቆ አሳቢነት ነበር። እንዲህ ያለ መጽሐፍ በዲጂታል ካሜራ ሲነሣ ደግሞ የአንድ ገጽ ምስል ብቻውን በአሥሮች ሜጋባይት ሊሆን ይችላል። «ይምርሐነ ክርስቶስ» የተባለ የምስል ፎልደር ስሙ ቢታረም፣ ብዙ ፕሮግራሞች በውስጡ ያለውን ሁሉ አዲስ ነው ብለው እንደገና ይቀዳሉ። የፋይል ፈቃድ መቀየርና የሰርቨር ሰዓት መዛባትም ተመሳሳይ ውጤት ሊኖራቸው ይችላል። ዳታቤዝ አንድ መስመር ቢታከልበት እንኳ ሙሉው ሊቀዳ ይችላል።

ምርመራው ከባክአፑ ሎግ ይጀምራል። የተቀዱትን ፋይሎች በመጠን ደርድሮ ከቀደመው ሌሊት ጋር ማስተያየት አብዛኛውን ጊዜ ጥፋተኛውን ያሳያል። ጥፋተኛው ከታወቀ በኋላ፣ ጊዜያዊ ፋይሎች ከሆኑ ከቅጂው ይወጣሉ፤ ለዳታቤዝ የተለወጠውን ክፍል ብቻ የሚወስድ ዘዴ ይመረጣል። ማንም ሳይነካቸው የብዙ ፋይሎች ይዘት ተለውጦ ከተገኘ ግን ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ ሊሆን ስለሚችል፣ ኮምፒውተሩ ወዲያው ከኔትወርክ መነቀል፣ የቀድሞዎቹ ንጹሕ ቅጂዎችም እንዳይሰረዙ መጠበቅ አለባቸው።