ስለ ተረከዝ ሕማምና ስለ ፈውሱ፤ በሪያድ ከተማ ለሚኖሩ ወገኖቻችን

በሪያድ ከተማ በሰው ቤት ሥራ የሚተዳደሩ እኅቶቻችን፥ የዕረፍት ቀን የተፈቀደላቸው እንደ ሆነ፥ በደቡቡ የከተማ ክፍል በመንፉሃ ሠፈር ተሰብስበው ቡና በሚያፈሉበት ጊዜ፥ ከደመወዝና ከመኖሪያ ፈቃድ (ከኢቃማ) ነገር ቀጥሎ የሚነሣው ወሬ የእግር ሕማም ነው። አንዲቱ፥ ማለዳ ከመኝታዋ ተነሥታ እግሯን መሬት ባስነካች ጊዜ ተረከዟን ጠቅ አድርጎ እንደሚወጋት፥ ጥቂት ከተራመደች በኋላ ሕማሙ እየላላ እንደሚሄድ፥ የቀኑን ሥራ ፈጽማ ወደ ማታ ጥቂት ተቀምጣ ስትነሣ ግን ተመልሶ እንደሚጸናባት ትናገራለች። ሁለተኛይቱ «እቴ፥ የኮንዲሽኑ ብርድ ገብቶብሽ ነው» ትላታለች፤ ሦስተኛይቱ ነርቭ ነው ስትል አራተኛይቱ የኩላሊት ነው ትላለች፤ ሁሉም በቅን ልቡና የተናገሩት ነው፥ ነገር ግን ከእውነተኛው ምክንያት አጠገብ የደረሰ የለም። ሕማምተኛይቱ በመጀመሪያው ንግግሯ የሕማሟን ስም ሳታውቀው ተናግራለች፤ ማለዳ በመጀመሪያው እርምጃ የሚወጋ፥ ሲራመዱ የሚላላ፥ ሲውል የሚመለስ የተረከዝ ሕማም ሐኪሞች ፕላንታር ፋሳይቲስ የሚሉት ነውና። እንደሚገመተውም ከአሥር ሰው አንዱ በዕድሜው ዘመን አንድ ጊዜ ያገኘዋል።

ይህን ሕማም ለማወቅ አስቀድሞ የእግርን አሠራር መመልከት ይገባል። ፈጣሪ የሰውን እግር ከቁርጭምጭሚት በታች በ26 አጥንቶችና በ33 መጋጠሚያዎች አዋቅሮ፥ የውስጠ እግሩን መካከል ከመሬት ከፍ አድርጎ በቅስት መልክ ሠርቶታል፤ ቅስቱም በሰውነት ክብደት እንዳይረገጥ፥ ከተረከዝ አጥንት ሥር ተነሥቶ እስከ አምስቱ ጣቶች ሥር የሚደርስ፥ ነጭና ጽኑ የሆነ ሰፊ ጅማት ከበታቹ ተዘርግቶለታል። ባላገር እናቶቻችን ጥጥ የሚነድፉበትን ደጋን ያየ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል፤ የእግር አጥንቶች የተቆለመመው እንጨት ናቸው፥ ይህ ጅማት ደግሞ ጫፍና ጫፉን ወጥሮ የያዘው አውታር ነው። ጄ. ኤች. ሂክስ የተባለው ሐኪም እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር (ዓ.ም. ያልተባለባቸው ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በ1954 ባሳተመው ጥናት እንዳስረዳው፥ ሰው ለመራመድ ተረከዙን ሲያነሣ ጣቶቹ ወደ ላይ ስለሚታጠፉ ጅማቱ በጣቶቹ ሥር ተስቦ ይወጠራል፤ ጅማቱ ሲወጠር ቅስቱ ከፍ ይላል፥ ልል የነበረውም እግር ሰውነትን ወደ ፊት ለመግፋት የሚበቃ ጽኑ አካል ይሆናል። ይህ በእያንዳንዱ እርምጃ የሚደረግ ነው፤ የጅማቱም ጫና ሁሉ የሚከማቸው ከተረከዝ አጥንት ጋር በተያያዘበት በዚያች ጠባብ ሥፍራ ነው።

እንግዲህ ያች ሥፍራ ከዕረፍቷ የሥራዋ ብዛት ሲበልጥባት ትጎዳለች። ሌሊት በተኛን ጊዜ እግራችን ጣቶቹን ወደ ታች ዘንበል አድርጎ ስለሚያርፍ፥ ጅማቱ ተኰማትሮ ያድራል፤ ማለዳ መላው የሰውነት ክብደት በአንድ ጊዜ ሲጫንበትም በድንገት ይወጠርና የተጎዳችውን ሥፍራ ይነካታል። የመጀመሪያው እርምጃ ከሁሉ የሚከፋው ስለዚህ ነው።

ሕማሙ በሪያድ በቤት ሠራተኞች ላይ ስለ ምን እንደሚጸና ለማወቅ ደግሞ ቤቱን ማየት ይበቃል። የባለጸጎቹ ቪላ ሁለትና ሦስት ደርብ ነው፤ ወለሉ ከእንግዳ መቀበያው ከመጅሊሱ ጀምሮ እስከ ማድ ቤቱ ድረስ እብነ በረድ ወይም ሴራሚክ ነው፤ ደረጃውም እንዲሁ። በበጋ ከቤት ውጭ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ስለሚሆን ኑሮው ሁሉ በውስጥ ነው፤ ጫማም ስለ ንጽሕና በደጃፍ ይወልቃል። ስለዚህ ሠራተኛይቱ ከማለዳ እስከ እኩለ ሌሊት በባዶ እግሯ ወይም ሽብሽብ በሚሉት ስስ ነጠላ ጫማ፥ ምንም በማይለዝብ ድንጋይ ላይ ስትቆም፥ ስታጥብ፥ ደረጃ ስትወጣና ስትወርድ ትውላለች፤ በረመዳን ወር ደግሞ ሌሊቱ ቀን ስለሚሆን ሥራው እጥፍ ይሆንባታል። በአገራችን ማኅሌት የሚቆሙ ካህናትና ደባትር ሌሊቱን በሙሉ በእግራቸው የሚያድሩ ቢሆኑም፥ አባቶች ነገሩን አስበውበት መቋሚያ ሰጥተዋቸዋል፥ ከሥራቸውም ምንጣፍ ወይም ጉዝጓዝ አለ፤ እብነ በረድ የምትወለውል ሴት ግን የምትደገፈው መወልወያዋን ብቻ ነው።

በዚህ ጊዜ «እኛ በባዶ እግራችን ያደግን ሕዝብ ነን፥ አበበ ቢቂላስ ያለ ጫማ ሮጦ ዓለምን ያሸነፈ አይደለምን» የሚል ተከራካሪ አይጠፋም። እውነት ነው፥ ሻምበል አበበ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በሮማ ከተማ በባዶ እግሩ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ሮጦ አሸንፏል። ነገር ግን ይኸው ጀግና በጥቅምት 1957 ዓ.ም. በቶኪዮ ሁለተኛውን ድል ያገኘው ጫማ አድርጎ ነው፤ ይህን ክፍል ተከራካሪዎቹ አያነሡትም። ደግሞም በለስላሳ የእርሻ መሬት ላይ የሠለጠነ እግር፥ ልጅቱ ዐሥራ ስምንትና ሃያ ዓመት ሲሆናት በድንገት ወደ ድንጋይ ወለል ቢዛወር፥ የቀድሞው ልማዱ ዋስ አይሆነውም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ፥ ማለት ምክንያቱን ወደ መመርመር እንመለስ። ይህ ሕማም የሚታወቀው በጥያቄና በጣት ነው። ልባም ሐኪም መጀመሪያ «የቱ ላይ ነው? መቼ ነው? ምን ዓይነት ነው?» ብሎ ይጠይቃል፤ ከዚያም የሕማምተኛይቱን ጣቶች በአንድ እጁ ወደ ላይ ስቦ ጅማቱን ይወጥርና፥ በሌላው እጁ አውራ ጣት ከተረከዙ ሥር፥ በውስጠኛው ጠርዝ በኩል ይጫናል። ሕማምተኛይቱ በአንዲት ነጥብ ላይ ብድግ ካለች ነገሩ ታወቀ። ራጅ ብዙ ጊዜ አያስፈልግም፤ እንዲያውም ግራ ያጋባል። በራጁ ላይ ከተረከዝ አጥንት የበቀለ ትንሽ ሹል ነገር ሲታይ፥ የሪያድ ክሊኒኮች በዐረብኛ «ሸውካ»፥ እሾህ፥ ስለሚሉት፥ ብዙዎች አጥንታቸው እሾህ አብቅሎ ሥጋቸውን የሚወጋ መስሏቸው ይደነግጣሉ፥ ካልተቆረጠልኝም ይላሉ። ይህ እሾህ ግን ምንም ሕማም በሌለባቸው በብዙ ሰዎች እግር ላይ ይገኛል፤ ሕማማቸው ፈጽሞ በዳነላቸውም ሰዎች ላይ እሾሁ እንዳለ ይኖራል። ስለዚህ ጥፋተኛው እርሱ አይደለም።

ሆኖም የእግር ሕማም ሁሉ ይህ አይደለም። ሕማሙ በሁለቱም እግር ሆኖ ሌሊት ሌሊት የሚያቃጥልና የሚያደነዝዝ ቢሆን፥ የስኳር በሽታ ነርቭን ጎድቶ እንደ ሆነ ደምን ማስመርመር ያሻል። የአውራ ጣት መጋጠሚያ በአንድ ሌሊት ቀልቶና አብጦ አንሶላ እንኳ ሲነካው የማያስችል ሕማም ሪህ ነው፥ እርሱም ከዩሪክ አሲድ ብዛት የሚመጣ ነው። ተረከዙን ከግራና ከቀኝ በመዳፍ ሲጨምቁት ከታመመ አጥንቱ ራሱ ተሰንጥቆ ሊሆን ይችላል፤ በድካም የሚመጣውን የእግር አጥንት ስንጥቅ ምልክት ብራይትሃውፕት የተባለ ሐኪም በ1855 በሩቅ ጉዞ እግራቸው ባበጠ የፕሩስያ ወታደሮች ላይ ገልጾታል። ሁለቱም ተረከዞቹ የሚያሙት፥ ወገቡም ማለዳ ማለዳ ለረጅም ጊዜ አልላቀቅ የሚለው ወጣት የአከርካሪ መጋጠሚያ ብግነት እንዳይሆንበት መመርመር አለበት። በሪያድ ደግሞ አንድ እንግዳ የሚመስል ነገር አለ፤ ፀሓይ በማይጠፋበት አገር የቫይታሚን ዲ ጉድለት እጅግ የተለመደ ነው፥ ሰው ከሙቀቱ ሸሽቶ በቤት ስለሚውል። ከግቢ ሳትወጣ ወራት የምታሳልፍ ሠራተኛ እግሯን ብቻ ሳይሆን ጭኗንና ወገቧንም አጥንት አጥንቷን ካመማት ይህን ማስታወስ ይገባል።

ከአገር ቤት የሚመጣ ሌላም የእግር ደዌ አለ፤ ሁለቱን ማሳከር አይገባም። በወላይታና በጎጃም የሚታወቀው፥ እግርን የሚያሳብጠው ፖዶኮኒዮሲስ፥ በቀይ የእሳተ ገሞራ አፈር ላይ በባዶ እግር ከመሄድ የሚመጣ እንጂ የሚተላለፍ በሽታ አለመሆኑን በኢትዮጵያ ያገለገለው ሐኪም ኤርነስት ፕራይስ ደክሞ አረጋግጧል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም በ2011 ቸል ከተባሉ በሽታዎች ቈጥሮታል። ያ ከአፈር ነው፥ ይህ ከድንጋይ፤ ጫማ ግን ለሁለቱም ያስፈልጋል።

ስለ ፈውሱ ስንናገር፥ መጀመሪያ አንድ የተሳሳተ ግምት ማንሣት ይገባል። ፋሳይቲስ የሚለው የሕማሙ ስም የጅማት ብግነት ማለት ስለ ሆነ ለብዙ ዘመን በብግነት መድኃኒት ሲታከም ኖረ፤ ነገር ግን በ2003 አሜሪካውያን ተመራማሪዎች በቀዶ ሕክምና የተወሰደውን የ50 ሕማምተኞች ጅማት በማጉያ መነጽር መርምረው፥ ያገኙት ብግነት ሳይሆን የጅማቱ ክር ማርጀትና መበላሸት መሆኑን አስታወቁ። እንግዲህ ከመድኃኒት ቤት (ከሰይደሊያ) የሚገዛው ክኒን ሕማሙን ለሰዓታት ቢያስታግሥ እንጂ የተበላሸውን አያድስም፥ ጨጓራንም ይጎዳል። የኮርቲዞን መርፌም ለጥቂት ሳምንታት ያስደስታል፤ ቢደጋገም ግን ጅማቱን እስከ መበጠስ፥ የተረከዙንም የተፈጥሮ ስብ እስከ ማሳሳት ሊያደርስ ይችላል። ወጌሻ ባትን ቢያሽ ይጠቅማል፥ የተኰማተረ ባት ተረከዝን ይስባልና፤ የታመመችውን ነጥብ በኃይል ቢጫን ግን ይጎዳል። በሪያድ በሰፊው የሚሠራበት ሒጃማ፥ የእኛው ዋግምት፥ ጅማቱን እንደሚያድስ ማስረጃ አላየሁም።

የተበላሸ ጅማት የሚታደሰው በልክ ሲወጠርና በልክ ሲሠራ ነው። ማለዳ እግር መሬት ሳይነካ፥ በአልጋ ጠርዝ ተቀምጦ የታመመውን እግር በሌላው ጉልበት ላይ ማኖር፤ በእጅ አምስቱን ጣቶች ይዞ ወደ ቅልጥም አቅጣጫ ቀስ አድርጎ መሳብ፤ በሌላው እጅ ውስጠ እግሩን ዳብሶ ጅማቱ እንደ ተወጠረ ማረጋገጥ፤ እስከ ዐሥር ቈጥሮ መልቀቅ። ይህን ዐሥር ጊዜ፥ በቀን ሦስት ጊዜ መደጋገም፤ በዚያው በ2003 የታተመ ሌላ ጥናት ይህ ልምምድ ባትን ብቻ ከመሳብ የበለጠ እንደሚጠቅም አሳይቷል። ጥቂት ሲሻል ደግሞ የዴንማርክ ተመራማሪዎች በ2014 ያወጡት አለ፤ ፎጣ ተጠቅልሎ በደረጃ ላይ ይደረግና ጣቶች በላዩ ይሆናሉ፥ ተረከዝ በሦስት ሰከንድ ቀስ ብሎ ይነሣል፥ ሁለት ሰከንድ ይቆያል፥ በሦስት ሰከንድ ይወርዳል፤ በየሁለተኛው ቀን ይሠራል። በሦስተኛው ወር ከመሳቡ ልምምድ የበለጠ ውጤት ሰጥቷል፥ በዓመቱ ግን ሁለቱ ተስተካክለዋል። ማታ ማታ ውኃ የሞላ የፕላስቲክ ጠርሙስ በበረዶ ቤት አቀዝቅዞ ከውስጠ እግር በታች ማንከባለል ሕማምን ያበርዳል። ይህን የታገሡ ከአሥሩ ስምንት ወይም ዘጠኝ ያህሉ ያለ ቀዶ ሕክምና በዓመት ውስጥ ይሻላቸዋል። ዓመት ብዙ ነው፤ ግን ሕማሙን ቸል ብሎ የሚያልፈውም ዓመት ያው ነው።

ከዚህ ሁሉ ጋር ጫማ ያስፈልጋል፤ ተረከዙ ወፍራምና ለስላሳ የሆነ፥ መካከሉ የማይታጠፍ፥ ከቤት ውጭ የማይረገጥበት የቤት ብቻ ጫማ። የቤቱ እመቤት ማዳም ጫማ በቤት ውስጥ የምትከለክለው ስለ ንጽሕና ነውና፥ ጫማው ከደጃፍ ወጥቶ እንደማያውቅ ብታሳዪያት እሺ ማለቷ አይቀርም።

ሕጉም የሚረዳበት መንገድ አለ። የሳዑዲ ዐረቢያ የቤት ሠራተኞች ደንብ በየቀኑ ዕረፍት፥ በሐኪም ማስረጃም የሕመም ፈቃድ ይሰጣል፤ ከጁላይ 2024 ጀምሮ ደግሞ ከአራት በላይ የቤት ሠራተኞች ያሉት አሠሪ የጤና ዋስትና እንዲገባላቸው ግዴታ ሆኗል። ለምክር የጤና ሚኒስቴር ስልክ 937 ቀንና ሌሊት ይሠራል። የስኳር ሕማምተኛ ሆና እግሯ የቈሰለ፥ እግሯ አብጦ ትኩሳት የያዛት፥ ወይም ሕማሙ ከመቆም የከለከላት ሁሉ ዓርብን ሳትጠብቅ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ትሂድ።

የቀረው ለአገራችን ባለሥልጣኖችና ላኪ ኤጀንሲዎች የማቀርበው ልመና ነው። በአዋጅ ቁጥር 923/2008 ዓ.ም. መሠረት ወደ ውጭ የሚሄዱት ልጆች ከጉዞ በፊት ሥልጠና ይሰጣቸዋል፤ በዚያ ሥልጠና ስለ እግር አያያዝ አንዲት ሰዓት ጨምሩ፥ ከሻንጣቸውም ውስጥ አንድ ጥንድ ወፍራም የቤት ጫማ አኑሩላቸው።