የጨለመች ፀሐይና የተቈጠረች ጨረቃ

ጥቅምት 24 ቀን 2006 ዓ.ም. እሑድ፥ ፀሐይ ወደ መጥለቂያዋ ስታዘነብል፥ የጨረቃ ጥላ በኡጋንዳና በሰሜን ኬንያ በኩል መጥቶ የአገራችንን ደቡብ እየነካ ወደ ሶማልያ ዐለፈ። የሙሉው ጥላ መንገድ ከጋሞ በስተደቡብ ስለ ነበር፥ በአርባ ምንጭና በጨንቻ ደጋ ሰማይ ፀሐይ የተጋረደችው በከፊል ነው።

እንዲህ ያለ ቀን በየቤቱ ሁለት ጥያቄ ያስነሣል። ሽማግሌው «መዓት ይሆን?» ይላሉ። ከትምህርት ቤት የመጣው ልጅ ደግሞ «አባዬ፥ ጌታ በተሰቀለ ዕለት ፀሐይ የጨለመችው እንዲሁ በግርዶሽ ነበርን?» ብሎ ይጠይቃል። ወላጆች ለሁለቱም የሚመልሱት ሊኖራቸው ይገባል፤ የልጅን ጥያቄ በቁጣ መዝጋት እምነቱን አያጸናለትምና።

መልሱን ከባሕረ ሐሳብ እንጀምር። ሊቃውንቶቻችን 19 ዓመትን ንዑስ ቀመር ይሉታል። በዚህ ዘመን 235 የጨረቃ ወራት ስለሚፈጸሙ ሠርቀ ጨረቃ ወደ ቀድሞ ቀኑ ይመለሳል፤ አበቅቴና መጥቅዕም የሚወጡት ከዚህ ነው። የጥንት ባቢሎናውያን ደግሞ ግርዶሽን በሸክላ ሰሌዳ እየመዘገቡ ኖረው፥ 223 የጨረቃ ወራት፥ ይኸውም 18 ዓመት ከ11 ቀን ከ8 ሰዓት ያህል፥ ሲፈጸም ተመሳሳይ ግርዶሽ እንደሚመለስ አስተዋሉ። ይህ ዙር ዛሬ ሳሮስ ይባላል።

አንባቢ ራሱ ይመርምረው። ከጥቅምት 24 ቀን 2006 ዓ.ም. ላይ 18 ዓመት ከ11 ቀን ቢቀንስ ጥቅምት 13 ቀን 1988 ዓ.ም. ይመጣለታል፤ በዚያ ቀን ፀሐይ በኢራንና በሕንድ ጨልማለች። በ8ቱ ሰዓት ትርፍ ምድር የዙረቷን ሲሶ ስለምትዞር፥ ጥላው ከእስያ ወደ አፍሪካ ተዛወረ። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. በላሊበላ እንደ ቀለበት የታየችው ፀሐይም ከሰኔ 3 ቀን 1994 ዓ.ም. ግርዶሽ ጋር በዚሁ ሒሳብ ትያያዛለች።

በዚህ መንገድ ሊቃውንት የግርዶሽን መዝገብ አዘጋጁ። ኦስትርያዊው ቴዎዶር ፎን ኦፖልዘር ያሰላው፥ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1887 በቪየና የታተመው መጽሐፍ 8,000 የፀሐይና 5,200 የጨረቃ ግርዶሾችን ይዟል። በዘመናችንም ፍሬድ ኤስፔናክና ዣን ሜውስ የ5,000 ዓመት መዝገብ አውጥተው 11,898 የፀሐይ ግርዶሾችን ቈጥረዋል። መዝገቡ ለታሪክም ይረዳል፤ በመጽሐፈ ነገሥት የምናነባቸው የአሦር ነገሥታት ዘመን የተስተካከለው፥ ከልደተ ክርስቶስ በፊት በ763 ዓመት የሆነው ግርዶሽ በአሦር መዝገብ ተጽፎ በመገኘቱ ነው።

እንግዲህ ወደ ልጁ ጥያቄ እንመለስ። የፀሐይ ግርዶሽ የሚሆነው ጨረቃ በፀሐይና በምድር መካከል ስትገባ፥ በሠርቅ ብቻ ነው፤ ጌታ የተሰቀለው ግን በአይሁድ ፋሲካ ሰሞን፥ ጨረቃ ሙሉ በሆነችበት ጊዜ ነው። ደግሞም ሙሉ ግርዶሽ በአንድ ቦታ 8 ደቂቃ አይሞላም፤ ወንጌል ግን ከስድስት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጨለማ ሆነ ይላል። በ3ኛው መቶ ዓመት የኖረው የታሪክ ጸሐፊ ዩልዮስ አፍሪቃኖስም ይህን ተመልክቶ የዚያን ዕለት ጨለማ ግርዶሽ ነው ያሉትን ተቃውሟል። ስለዚህ ልጅህን «አይደለም፥ ልጄ፤ ያ ተአምር ነበር» በለው፤ ጨረቃን የቈጠረ ሰው ይህን በማስረጃ ይናገራል። ሽማግሌውም ይጽናኑ፤ ቀኑ አስቀድሞ የታወቀ ግርዶሽ ፈጣሪ በሠራው ሥርዐት የሚሄድ ነው።

የሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. ግርዶሽም በዚሁ መዝገብ ተጽፏል፤ ሙሉው ጥላ በግብፅና በየመን ላይ ሲያልፍ አገራችን የሚደርሳት ከፊሉ ነው። በማናቸውም ግርዶሽ ግን የልጆቻችሁን ዓይን ጠብቁ። ተራ ጥቁር መነጽር፥ በጥላሸት የጠቈረ መስተዋትና የራጅ ፊልም ዓይንን አያድኑም። ልጆቹ ፀሐይን በጀርባቸው አድርገው፥ በወረቀት ላይ በመርፌ በተበሳ ቀዳዳ ያለፈውን ብርሃን በሌላ ወረቀት ላይ ይመልከቱ። አርባ ምንጭን በመሰለ ዛፍ በበዛበት አገርማ ከዛፍ ጥላ ሥር ወደ መሬት ማየት ይበቃል፤ በቅጠሎቹ መካከል የሚያልፈው ብርሃን የተጐመደችውን ፀሐይ መልክ በአፈሩ ላይ ይሥላል።