«ስር» እና «በፊት»፦ የቋንቋ እክል ያለባቸው ልጆች ትንንሽ ቃላትን የሚማሩበት መንገድ

የመስማት ጉድለትም ሆነ ሌላ የታወቀ ሕመም ሳይኖርባቸው የአፍ መፍቻ ቋንቋቸውን ለመልመድ የሚቸገሩ ልጆች ያሉበት ሁኔታ ለረጅም ዘመን በልዩ ልዩ ስሞች ሲጠራ ከቆየ በኋላ፣ በ2017 እ.ኤ.አ. በእንግሊዛዊቷ ተመራማሪ በዶሮቲ ቢሾፕ የተመራ የባለሙያዎች ስብስብ «የቋንቋ እድገት እክል» በሚለው መጠሪያ ላይ ተስማምቷል። በአሜሪካዋ የአዮዋ ግዛትና በእንግሊዝ የተካሄዱ ሰፋፊ ጥናቶች እክሉ ትምህርት ከሚጀምሩ 100 ልጆች በ7ቱ ያህል ላይ እንደሚገኝ አሳይተዋል፤ ሕዝቡ ስለ እክሉ ያለው ግንዛቤ ግን ከዚህ ብዛት ጋር ፈጽሞ አይመጣጠንም።

ብዙዎቹ እነዚህ ልጆች «ዳቦ» ወይም «ውሻ» የሚሉትን ስሞች ዘግይተውም ቢሆን ይይዛሉ፤ ሰዋስው መስተዋድድና መስተፃምር የሚላቸው፣ ማለትም ቃልን ከቃል ወይም ሐሳብን ከሐሳብ የሚያያይዙት ትንንሽ ቃላት ግን እጅግ ይከብዷቸዋል። ዳቦን በጣት ጠቁሞ ማስተማር ይቻላል፤ ድመት ወንበር ስር ተኝታ ስትታይ ግን ድመቷና ወንበሩ ይታያሉ እንጂ «ስር» የሚባል አካል የለም፣ ቃሉ የሁለቱን ዝምድና ብቻ የሚገልጽ ነውና። በዚህ ላይ የድምፅ ችግር ይጨመራል። አሜሪካዊው ምሁር ሎረንስ ሌናርድ እንዳስረዱት፣ አጫጭርና ደካማ ድምፅ ያላቸው የሰዋስው ክፍሎች በንግግር ውስጥ ፈጥነው ስለሚያልፉ፣ የሰማውን የማብላላት አቅሙ ውስን የሆነ ልጅ አንዱን ለመያዝ ሲጥር ሌላው ያመልጠዋል። በአማርኛ «ከቤት»፣ «ለቤት» እና «በቤት» የሚለያዩት በአንዲት ፊደል ብቻ መሆኑን ላስተዋለ ሰው ነገሩ ግልጽ ነው።

ችግሩን የሚሸፍነው ደግሞ የልጆች ብልሃት ነው። የሥነ ልሳን ምሁሯ ኢቭ ክላርክ በ1973 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ትንንሽ ልጆች ዕቃን «ውስጥ»፣ «ላይ» እና «ስር» እንዲያስቀምጡ ሲታዘዙ፣ የቃላቱን ፍቺ ገና ያልለዩት በዘፈቀደ አልገመቱም፤ ማስቀመጫው አፉ ክፍት ከሆነ ውስጡ ይከቱ፣ ጠፍጣፋ ከሆነ ላዩ ላይ ያኖሩ ነበር። ስለዚህ «ኳሷን ሣጥኑ ውስጥ አድርግ» የተባለ ልጅ በትክክል ቢፈጽም ቃሉን ያውቃል ማለት አይደለም፤ ሣጥኑ ራሱ መልሱን ነግሮታል። ዕውቀቱ የሚለየው «ሣጥኑ ስር አድርጋት» ሲባል ነው።

ጊዜን የሚያመለክቱት «በፊት» እና «በኋላ» ከዚህም ይረቅቃሉ። ክላርክ በ1971 እ.ኤ.አ. እንዳሳዩት፣ ትንንሽ ልጆች ቀድሞ የተነገረውን ድርጊት ቀድሞ እንደተፈጸመ አድርገው ይወስዱታል። በአማርኛ ጥገኛው ሐረግ ብዙውን ጊዜ ከዋናው ግስ ስለሚቀድም፣ «ከበላህ በኋላ እጅህን ታጠብ» ሲባል የአነጋገሩ ቅደም ተከተል ከድርጊቱ ጋር ይስማማል፤ «ከመብላትህ በፊት እጅህን ታጠብ» ሲባል ግን መብላት ቀድሞ ተነግሮ መታጠብ ቀድሞ መፈጸም አለበት፤ ይህን ሁሉ የሚገለብጡት «ከመ» እና «በፊት» ብቻ ናቸው።

እክሉ ላለባቸው ልጆች ከማብራሪያ ይልቅ ድግግሞሽና ንጽጽር ይጠቅማል። የካንሳስ ዩኒቨርሲቲዋ ሜቤል ራይስና ባልደረቦቻቸው በ1994 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ አዲስ ቃልን 3 ጊዜ ብቻ ለሰሙት እክሉ ያለባቸው ልጆች ይህ ሳይበቃቸው ሲቀር፣ 10 ጊዜ የሰሙት ግን ለውጥ አሳይተዋል። ያችው ኳስ በዚያው ሣጥን ውስጥ፣ ላይና ስር እየተዘዋወረች ቃሉ ከድርጊቱ እኩል ሲነገር፣ ልጁ «ኳስ ሣጥን» ሲል አዋቂው «አዎ፣ ኳሷ ሣጥኑ ስር ናት» ብሎ አሟልቶ ሲመልስለት ልዩነቱ ይጎላል። ከፍ ላሉት ልጆች ደግሞ እንግሊዛዊቷ ባለሙያ ሱዛን ኤበልስ ያዳበሩት፣ የዓረፍተ ነገርን ክፍሎች በቅርጽና በቀለም ለይቶ የሚያሳይ ዘዴ አለ።

«መልሱን ከመጻፋችሁ በፊት ጥያቄውን አንብቡ» ሲባል ቀድሞ መጻፍ የሚጀምርን ተማሪ፣ መምህሩ እምቢተኛ ነው ብሎ ከመቅጣቱ በፊት ያንኑ ትእዛዝ «መጀመሪያ አንብብ፤ ከዚያ ጻፍ» ብሎ ይሞክረው። ልጁ ወዲያው ከታዘዘ፣ የከበደችው «በፊት» ናት።