በጎማ የተሳበ ቤንዚን፣ ጣና ዳር የፈሰሰ ዘይት፣ እና ብዙዎቻችን የማናውቀው አንቀጽ 11



በቅርቡ አንድ የባጃጅ ሹፌር እያሳለ፣ ትንፋሽ እያጠረው ወደኔ መጣ። ገና ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ከፔዳ ወደ መሀል ከተማ ነው የሚሠራው። ነገሩን ሲያወራኝ እንደ ቀልድ ነበር፦ የማደያው ሰልፍ ረዘመበት፣ ከጓደኛው ባጃጅ ቤንዚን በጎማ ሊስብ ሞከረ፣ አንድ ጉንጭ ያህል ወደ አፉ ገባና ትን አለው። ጓደኞቹ ወዲያው ወተት አጠጡት። ወተቱን ከነቤንዚኑ አስመለሰው። "ከዛ ተሻለኝ ብዬ እስከ ማታ ስሠራ ዋልኩ ዶክተር" አለኝ። ማታ ትኩሳት ጀመረው፣ ጠዋት ደረቱን ወጋው። ራጅ ሲነሳ የቀኝ ሳንባው የታችኛው ክፍል ተጎድቷል።

ይሄ ለኛ ለሐኪሞች አዲስ ነገር አይደለም። ቤንዚን፣ ናፍጣ ወይም ላምባ ሆድ ውስጥ ገብቶ ከሚያደርሰው ይልቅ ሳንባ ውስጥ ገብቶ የሚያደርሰው ጉዳት ይብሳል። ቀጭን ፈሳሽ ስለሆነ አንድ ጠብታ ብትሆንም በአየር ቧንቧው ውስጥ በፍጥነት ትሰራጫለች። የሳንባችን ትንንሽ ከረጢቶች ተጣብቀው እንዳይዘጉ ከውስጥ የሚቀባቸው ፈሳሽ አለ፤ ነዳጅ እሱን ያጥበዋል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ትኩሳትና ሳል ሲታይ ኢንፌክሽን ይመስላል፣ መነሻው ግን የኬሚካል ቃጠሎ ነው።

ስለዚህ እባካችሁ ይህቺን ያዙ፦ ነዳጅ የዋጠን ሰው አታስመልሱት፣ ወተትም አትስጡት። ሲያስመልስ ነዳጁ ለሁለተኛ ጊዜ በጉሮሮው ስለሚያልፍ ወደ ሳንባው የመግባት ዕድል ያገኛል። የነካውን ልብስ አውልቁለት፣ ቆዳውን በውሃና በሳሙና እጠቡለት፣ ከዚያ ቀጥታ ጤና ተቋም ውሰዱት። ምንም ባይሰማውም ቢያንስ ለስድስት ሰዓት ያህል ሐኪም ሊከታተለው ይገባል። ሕፃን ከሆነማ ለአንድ ደቂቃም አትጠብቁ። ቤንዚንና ላምባ በሀይላንድ ቀድታችሁ ቤት የምታስቀምጡ፣ ልጆች ውሃ መስሏቸው እንደሚጠጡት አስታውሱ።

ልጁ አልጋ ላይ ሆኖ ኦክስጅን እየወሰደ አንድ ጥያቄ ጠየቀኝ። "እኔ በአንድ ጉንጭ እንዲህ ከሆንኩ፣ ጋራዥ ውስጥ ቀኑን ሙሉ የሚውሉት ልጆችስ?" ይህን ጽሑፍ የምጽፈው በሱ ጥያቄ ምክንያት ነው።

ጋራዥ ውስጥ የሚሠሩ ወጣቶች ግሪስ የነካውን እጃቸውን በቤንዚን ሲታጠቡ አይታችሁ ይሆናል። ቤንዚን ውስጥ ቤንዚን የሚባል ሌላ ነገር አለ ብል ግራ ይገባችኋል፤ የኬሚካሉን ስም "ቤንዚን" ከማለት ይልቅ "ቤንዝን" ብዬ ልለየው። ቤንዝን በቆዳም ይገባል፣ በትንፋሽም ይገባል፣ ዋና ኢላማው ደግሞ የአጥንታችን መቅኔ ነው። ደም የሚመረተው እዚያ ነው። ለዓመታት ሲጠራቀም የደም ሕዋሳት ምርትን ያዳክማል፣ የደም ካንሰርም ያመጣል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም ካንሰር አምጪነታቸው ከተረጋገጠ ነገሮች ምድብ ውስጥ አስገብቶታል። የናፍጣ ጭስንም እ.ኤ.አ. በ2012 እዚያው ምድብ ውስጥ ጨምሮታል። እጃችሁን በሳሙናና በሰጋቱራ ታጠቡ፣ ካልለቀቀ መጀመሪያ በምግብ ዘይት አሹት። ትንሽ ይዘገያል እንጂ ይለቃል።

ከሞተር የሚወጣው የተቃጠለ ዘይት ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። ሞተር ውስጥ ሲዞር ከርሞ እንደ እርሳስና ካድሚየም ያሉ ብረቶችን፣ ከቃጠሎ የሚመጡ ካንሰር አምጪ ውህዶችንም ይዞ ነው የሚወጣው። ታዲያ የት ነው የሚሄደው? አንዳንዱ ለእንጨት ምስጥ መከላከያ ይሸጣል። ሌላው መሬት ላይ ይደፋል። ላቫጆው ላይ የታጠበው ደግሞ በቦዩ ይወርዳል፤ ቦዩ ወዴት እንደሚሄድ የባሕር ዳር ልጅ ሳይነገረው ያውቃል፦ ወይ ጣና ወይ ዓባይ። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ለሕዝብ በሚያሠራጨው ትምህርት የአንድ መኪና የዘይት ቅያሪ ብቻ አንድ ሚሊዮን ጋሎን ንጹሕ ውሃ ሊበክል እንደሚችል ይናገራል። ጣና ሰፊ ነው፣ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ጥልቀቱ ግን በአማካይ ከ10 ሜትር አይበልጥም። ዘይቱ ደግሞ መሀል ሐይቁ ላይ አይደለም የሚቆየው፤ ደንገሉ ባለበት ዳርቻ፣ ዓሣው በሚፈለፈልበት፣ ልጆች በሚዋኙበት፣ ልብስ በሚታጠብበት ነው። መሬት ላይ የተደፋውም ቢሆን ጠፋ ማለት አይደለም። ከተማችን የተቀመጠችው በተሰነጣጠቀ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ላይ ነው፤ የምንጠጣው የቧንቧ ውሃ በአብዛኛው ከምንጭና ከከርሰ ምድር ነው የሚመጣው።

እዚህ ላይ "ዶክተር፣ ይሄ የመንግሥት ሥራ ነው እንጂ የሐኪም ምክር ነው እንዴ?" የሚል ይኖራል። እሺ፣ አንድ ታሪክ ልንገራችሁ።

ለብዙ አሥርት ዓመታት ቤንዚን ውስጥ እርሳስ ይጨመር ነበር፣ ሞተር እንዳይንኳኳ ተብሎ። ገና ከጅምሩ፣ እ.ኤ.አ. በ1924፣ ኒው ጀርሲ ውስጥ ያመርቱት የነበሩ ሠራተኞች አብደው ሞተዋል። ኩባንያዎቹ ግን ችግር የለውም ብለው ቀጠሉ። እ.ኤ.አ. በ1979 ኸርበርት ኒድልማን የሚባል የሕፃናት ሐኪም የተማሪዎችን የወለቁ የወተት ጥርሶች ሰብስቦ ለካ፤ ጥርሳቸው ውስጥ ብዙ እርሳስ ያለባቸው ልጆች የአእምሮ ፈተና ውጤታቸው ዝቅ ያለ፣ ክፍል ውስጥም ትኩረታቸው የተበታተነ ሆኖ አገኘው። ሰውየውን ለዓመታት ስሙን ሊያጠፉት ሞክረዋል፤ እሱ ግን አልተወውም። ሕጉ እየጠበቀ ሲሄድ በአሜሪካ ልጆች ደም ውስጥ ያለው እርሳስ በጣም ወረደ። ከሰሃራ በታች ያሉ የአፍሪካ አገሮች እ.ኤ.አ. በ2001 ዳካር ላይ ተስማምተው እስከ 2006 መግቢያ ድረስ እርሳስ ያለበትን ቤንዚን አቆሙ። የመጨረሻዋ አገር አልጄሪያ ነበረች፣ 2021 ላይ። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም ይሄ ለውጥ በዓመት ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው ያለዕድሜው ከመሞት እንደሚያድን ይገምታል። እኔ ዕድሜ ልኬን መድኃኒት ብጽፍ እዚያ ቁጥር አጠገብ አልደርስም።

ነዳጅ የሚወጣበት አካባቢ ያለው ችግር ደግሞ ይከፋል። በናይጄሪያ የኦጎኒ ሕዝብ እ.ኤ.አ. ከ1990 ጀምሮ በኬን ሳሮ ዊዋ መሪነት ተንቀሳቀሰ፤ እሱና ስምንት ጓዶቹ በ1995 በወታደራዊው መንግሥት ተሰቀሉ። የተባበሩት መንግሥታት ባለሙያዎች ገብተው ውሃውን ለክተው በ2011 ባወጡት ሪፖርት፣ አንድ ሰፈር ውስጥ ሰው የሚጠጣው የጉድጓድ ውሃ ውስጥ ያለው ቤንዝን የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው ጣሪያ ከ900 እጥፍ በላይ ሆኖ ተገኘ። በኛም አገር በሶማሌ ክልል፣ ካሉብ የጋዝ መስክ አካባቢ ነዋሪዎች በኬሚካል ቆሻሻ ምክንያት ሰው እየታመመ ነው ብለው በ2012 ዓ.ም. ለውጭ ጋዜጠኞች ተናግረዋል፤ የፌዴራል መንግሥት አስተባብሏል። ማን ልክ ነው ብዬ እኔ አልፈርድም። እንደ ሐኪም የምለው አንድ ነገር ነው፦ ሥራው ከመጀመሩ በፊት የውሃው ናሙና ተለክቶ ለሕዝብ ካልተገለጸ፣ በኋላ ታማሚውም ኩባንያውም ማስረጃ የላቸውም። መለካት የሚጀመረው ቀድሞ ነው።

አሁን ወደ ሕጉ ልምጣ። እኔ የሕግ ሰው አይደለሁም፤ አዋጁ ግን በቀላል አማርኛ ስለተጻፈ ማንም አንብቦ ይረዳዋል። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44 ላይ ሁሉም ሰው ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት አለው ይላል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ደግሞ ሁለት ነገር ጨመረበት። አንደኛው፣ ክልሎች ከፌዴራሉ የጠበቀ የአካባቢ ደረጃ ማውጣት ይችላሉ፤ የላላ ግን አይችሉም። ስለዚህ ክልሉ "ለጣና ዳርቻ ከሌላው ቦታ የጠበቀ ደንብ ያስፈልጋል" ቢል ማንንም ፈቃድ አይጠይቅም። ሁለተኛው አንቀጽ 11 ነው። ማንኛውም ሰው፣ በግሉ ጉዳት ደርሶብኛል ብሎ ማስረዳት ሳያስፈልገው፣ አካባቢን እየጎዳ ነው ወይም ሊጎዳ ይችላል በሚለው ሰው ላይ ለፌዴራሉ ወይም ለክልሉ የአካባቢ መሥሪያ ቤት አቤቱታ ማቅረብ ይችላል። በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልተሰጠው፣ ወይም ውሳኔው ካላረካው፣ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል።

ልብ በሉ፣ "ቤትህ ከላቫጆው አጠገብ ነው ወይ?" ብሎ የሚጠይቃችሁ የለም።

ይሄን መንገድ የሞከረ አለ። አዲስ አበባ ላይ አፓፕ የሚባል የሰብአዊ መብት ድርጅት ስለ አቃቂ ወንዝ ብክለት የፌዴራሉን የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን ፍርድ ቤት አቁሞ ነበር። ክሱ ተቀባይነት አላገኘም። ይሄን የምነግራችሁ ተስፋ ላስቆርጣችሁ አይደለም። እኔ እንደሚገባኝ ብዙ ፋብሪካ በአንድ ላይ የሚበክለውን ወንዝ ይዞ ተቆጣጣሪውን ከመክሰስ፣ "እዚህ ቦታ፣ በዚህ ቀን፣ ይሄ ድርጅት ዘይት በዚህ ቦይ ለቀቀ" ማለት ለማየትም ለመወሰንም ይቀላል።

መሸነፍ ደግሞ መጨረሻ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ የኮሎራዶ ግዛት ነዋሪዎች እ.ኤ.አ. በ2018 አዲስ የጋዝ ጉድጓድ ከመኖሪያ ቤት ቢያንስ 760 ሜትር ይራቅ የሚል ሐሳብ ለሕዝብ ድምፅ አቅርበው ተሸነፉ። በዓመቱ የግዛቱ ምክር ቤት የሕዝብ ጤና ከምርት ይቀድማል የሚል ሕግ አወጣ፤ በ2020 ደግሞ ወደ 600 ሜትር የሚጠጋ ርቀት ተደነገገ። እናቶች የልጆቻቸውን የአስም መድኃኒት ይዘው ስብሰባ ላይ እየቆሙ መናገራቸው እዚህ ውስጥ ትልቅ ድርሻ አለው ብዬ አምናለሁ። እኛስ ብንሆን እምቦጭ ጣናን ሲወር ተማሪው፣ ገበሬው፣ ነጋዴው ውሃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ነቅሎ የለም እንዴ?

ምን እንጠይቅ ካላችሁኝ፣ እኔ ሦስት ነገር እጠይቃለሁ። እያንዳንዱ ላቫጆና ጋራዥ ውሃው ወደ ቦይ ከመግባቱ በፊት ዘይቱን የሚያስቀር ጉድጓድ ይኑረው፤ ዘይት ውሃ ላይ ስለሚንሳፈፍ ሥራው ከባድ ቴክኖሎጂ አይፈልግም። የተቃጠለ ዘይት የሚሰበሰብበት ቦታ ይታወቅ፤ ጋራዡን ብቻ መቅጣት ልክ አይደለም፣ የት ይውሰደው? ሦስተኛ፣ በቦሎ ምርመራ ጊዜ ጭስ በዓይን ሳይሆን በመሣሪያ ይለካ። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በነዳጅ የሚሠራ መኪና እንዳይገባ ተከልክሏል፤ ጥሩ ነው፤ አሁን መንገድ ላይ ያሉት ግን ገና ብዙ ዓመት ያጨሳሉ።

ማመልከቻው ረጅም መሆን የለበትም። እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

"እኔ የቀበሌ ___ ነዋሪ፣ በአዋጅ ቁጥር 300/1995 አንቀጽ 11 መሠረት ይህን አቤቱታ አቀርባለሁ። በ___ ቦታ የሚገኘው ድርጅት ዘይት የተቀላቀለበት የእጥበት ውሃ ሳያጣራ ወደ ___ ቦይ ይለቃል። ይህን በ___ እና በ___ ቀን በዓይኔ ያየሁ ሲሆን ፎቶ አያይዣለሁ። ቦዩ ወደ ሐይቁ የሚገባ ሲሆን ሰዎች ለዕለት ተግባር ይጠቀሙበታል። መሥሪያ ቤቱ ቦታውን እንዲያይ፣ ናሙና እንዲወስድና በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔውን በጽሑፍ እንዲያሳውቀኝ እጠይቃለሁ።"

ፎቶ ስታነሱ የሠራተኞቹን ፊት አታንሱ፤ እነሱም ታማሚዎቼ ናቸው። ቦዩን፣ ዘይቱን፣ አካባቢውን የሚያሳይ ምልክት አንሱ። ፌስቡክ ላይ ከመለጠፋችሁ በፊት መዝገብ ቤት አስገቡት። በሁለት ቅጂ አድርጉት፤ እጃችሁ ላይ በሚቀረው ላይ የገቢ ማህተምና ቀን አስመቱበት፣ ምክንያቱም 30 ቀኑን የምትቆጥሩት ከዚያ ነው።