የስፖርተኛ ካርድ፦ ከፒክስል እስከ ወረቀት

ኮን ከጋሸና ወደ ነፋስ መውጫ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች የዋድላ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። እንደ እሷ ባሉ የደጋ ከተሞች የትምህርት ቤት ሩጫ ወይም የእግር ኳስ ውድድር ሲኖር አሸናፊው ይጨበጨብለታል፤ ስሙና ውጤቱ ግን ብዙ ጊዜ ሳይመዘገብ ይቀራል። ይህን ክፍተት በአነስተኛ ወጪ ለመሙላት ከሚረዱን ነገሮች አንዱ የስፖርተኛ ካርድ ነው። ከፊቱ ፎቶ፣ ከጀርባው ውጤት የሚታተምበት፣ በኪስ የሚያዝ ጠንካራ ወረቀት ነው። ጉርድ ፎቶና የሠርግ ፎቶ የሚሠራበት የፎቶ ቤት ኮምፒውተርና ፕሪንተር ለዚህም ይበቃል።

ካርዱ የተስፋፋው በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ በአሜሪካ ነው። የሲጋራ ፓኮ እንዳይጨማደድ ውስጡ በሚገባው ጠንካራ ወረቀት ላይ ኩባንያዎች የቤዝቦል ተጫዋቾችን ምስል ማተም ጀመሩ። በ1952 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ የቤዝቦል ተጫዋቹ የሚኪ ማንትል ካርድ በ2022 እ.ኤ.አ. በ12.6 ሚሊዮን ዶላር ተሽጧል።

ፎቶው ይበቃል?

የተለመደው ካርድ ወርዱ 63.5፣ ቁመቱ 88.9 ሚሊሜትር ነው። ጥርት ያለ ኅትመት በአንድ ኢንች 300 ፒክስል ይፈልጋል፤ ስለዚህ ምስሉ 750 በ1050 ፒክስል መሆን አለበት። የዛሬ ስልኮች ከዚህ እጅግ የሚበልጥ ፎቶ ያነሳሉ። ችግሩ የሚመጣው ከሩቅ ከተነሳ የቡድን ፎቶ ላይ አንዱን ልጅ ቆርጠን ስናወጣ ነው። የተቆረጠው ክፍል ወርዱ 200 ፒክስል ብቻ ከሆነ በካርዱ ላይ ለአንድ ኢንች የሚደርሰው 80 ፒክስል ነው፤ ፊቱ ይደበዝዛል። ፎቶሾፕም ሆነ በነፃ የሚገኘው ጂምፕ ምስሉን ቢያሰፋው ካሜራው ያልያዘውን ዝርዝር መልሶ አያመጣም። ፎቶውን በቴሌግራም የሚልክ ሰውም እንደ ፋይል ይላከው፤ እንደ ፎቶ ከተላከ ይጨመቃልና።

ብርሃንም ይታሰብበት። በደጋ አየሩ ስስ ስለሆነ ብርሃንን የሚበትነው ነገር ያንሳል፤ የቀትር ፀሐይ ከግንባርና ከኮፍያ ሥር ድቅድቅ ጥላ ትጥላለች። ጠዋት ወይም አመሻሽ ላይ፣ አለዚያም ጥላ ሥር የተነሳ ፊት መልኩን ሳይለቅ ይታተማል።

አረንጓዴው ለምን ይደበዝዛል?

ስክሪን ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ብርሃን እየደመረ ቀለም ይፈጥራል። ወረቀት ግን በራሱ አያበራም፤ የማተሚያ ቀለም ከነጭ ብርሃን ላይ ቀንሶ የተረፈውን ያሳየናል። ሲያን የሚባለው ቀለም ቀዩን ብርሃን ይውጣል፤ ማጀንታ አረንጓዴውን፣ ቢጫ ደግሞ ሰማያዊውን። የብሔራዊ ቡድናችን ማሊያ ጥሩ መፈተኛ ነው፦ አረንጓዴው ከሲያንና ከቢጫ፣ ቀዩ ከማጀንታና ከቢጫ ይገኛል። በስክሪን ላይ የሚያበራው ደማቅ አረንጓዴ ከቀለሞቹ አቅም በላይ ስለሆነ በወረቀት ላይ ፈዘዝ ብሎ ይወጣል። ጠይም ፊትም ጥቁር ቀለም ሲበዛበት ይጨልማል። ስለዚህ ብዙ ቅጂ ከማተም በፊት አንድ መሞከሪያ አትሞ በቀን ብርሃን ማየት፣ ከዚያም የፊቱን መካከለኛ ብርሃን ከፍ ማድረግ ይገባል።

ጽሑፍና መቁረጫ

የፊደላችን ልዩነት ብዙ ጊዜ በአንዲት ትንሽ ቅጥያ ነው፤ «ቀ» እና «ቁ»ን ማየት ይበቃል። በጥቁር መደብ ላይ በነጭ የተጻፈ ቀጭን ፊደል ቀለም ሲሰርግበት ይዘጋል። ስለዚህ የጀርባው ጽሑፍ በነጭ መደብ ላይ፣ በጥቁር ቀለም ብቻ ይታተም። መቁረጫ ትንሽ ቢስት ነጭ ጠርዝ እንዳይታይ የመደቡ ቀለም በየጎኑ 3 ሚሊሜትር ይትረፍ። እንዲህ ሲሆን እያንዳንዱ ካርድ 69.5 በ94.9 ሚሊሜትር ይይዛል፤ አንድ ኤ4 ወረቀት በአግድም ስምንት ካርድ ይችላል።

የካርዱ ክብር ጀርባው ላይ ነው

ውብ ፎቶ ያለው ካርድ ጀርባው ከተሳሳተ ስሕተቱን በየኪሱ ያሰራጫል። አበበ ቢቂላን እንውሰድ። ሮም ላይ ማራቶንን በባዶ እግሩ ያሸነፈው ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ነው፤ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ሴፕቴምበር 10 ቀን 1960። ካርዱ ላይ «1952» ብቻ ብንጽፍ አንባቢው የሄልሲንኪን ኦሎምፒክ ሊያስብ ይችላል፤ ያኔ ደግሞ ኢትዮጵያ ገና በኦሎምፒክ አልተሳተፈችም። የመጀመሪያዋ በ1956 እ.ኤ.አ. ሜልቦርን ላይ ነበር። ስለዚህ ሁለቱም አቆጣጠር ይጻፍ። ሰዓቱም በሙሉ ይስፈር፦ ሮም 2፡15፡16፣ ዳግም ባሸነፈባት ቶኪዮ 2፡12፡11።

ለኮን ተማሪም የሚገባው ይኸው ጥንቃቄ ነው። የውድድሩ ስም፣ ቀኑ፣ ርቀቱ፣ ሰዓቱና የለካው ሰው ማንነት ይጻፍ። ልጅ ከሆነ የወላጅ ፈቃድ ይጠየቅ፤ ስልክና አድራሻ አይታተም። ፎቶ ያነሳው ሰውም ስሙ ይጠቀስ። ዋናው ፋይል በትምህርት ቤቱ ይቀመጥ፤ ካርዱ ቢጠፋ እንደገና ይታተማል። በየዓመቱ ስምንት ካርድ ያለበት አንድ ወረቀት የሚያትም ትምህርት ቤት በአሥር ዓመት ውስጥ የሰማንያ ስፖርተኞች መዝገብ ይኖረዋል። ነገ ተሰጥኦ ፍለጋ የሚመጣ አሠልጣኝም ከወሬ ይልቅ የተለካ ውጤት ይዞ ይጀምራል።