የስልክ ጎተራ፤ ምን ይጣል? ምን ይቀመጥ?

ጎተራ ሲሞላ ባለቤቱን ያስደስተዋል፤ የእጅ ስልክ ሲሞላ ግን ባለቤቱን ያስጨንቀዋል፤ ፎቶግራፍ አላነሣም፣ መልእክት አልቀበልም ይላልና። ከመሥሪያ ቤት ሠራተኞች መካከል ይህ ያልደረሰበት ሰው ጥቂት ነው። ስለዚህ፣ አንባቢ ሆይ፣ የስልክዎ ማከማቻ በምን ምክንያት እንደሚሞላና ኋላ ሳይጸጸቱ እንዴት ሊያቃልሉት እንደሚችሉ ዛሬ እናስረዳዎታለን።

ጉዳዩ ተራ ቢመስልም የሚያስከትለው ጉዳት ተራ አይደለም። ለምሳሌ ያህል ባልዋን ለመጠየቅ ወደ ማረሚያ ቤት የምትመላለስ አንዲት ሴት ያስቡ። ጠያቂ ስልክ ይዞ ወደ ውስጥ ስለማይገባ ስልክዋ ከደጅ ይቀራል። በዚያ ስልክ ውስጥ የክሱ ወረቀት ፎቶግራፍ፣ ጠበቃው የላከው መልእክት፣ ሕፃን ልጃቸውም መራመድ የጀመረበት ቪዲዮ ይገኛሉ። አባትየው ይህን ቪዲዮ የሚያየው ሲፈታ ነው። አንድ ቀን እናትየዋ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ፎቶግራፍ ልታነሣ ስትል ስልክዋ «ቦታ የለም» ቢላት፣ በችኮላ ትልቅ ሆኖ ያገኘችውን ትደመስሳለች። ትልቁም ያው ቪዲዮ ሊሆን ይችላል። የልጅ የመጀመሪያ እርምጃ ደግሞ ሁለተኛ ጊዜ አይቀረጽም።

እንግዲህ ዋናው ሕግ ይህ ነው፤ የማይተካውን ከመንካትዎ በፊት የሚተካውን ያስወግዱ።

ለመሆኑ የሚተካው የትኛው ነው? ይህን ለመለየት በመጀመሪያ የስልኩን ልክ ማወቅ ይገባል። 64 ጊጋባይት ተብሎ የተሸጠ ስልክ ሁሉም ቦታ ለባለቤቱ አይደለም፤ ከፊሉን ስልኩ የሚሠራበት ሥርዓት ይወስደዋል። በቀረው ላይ አንድ ጊጋባይት 1,000 ሜጋባይት ያህል መሆኑን ያስታውሱ። አንድ ፎቶግራፍ ጥቂት ሜጋባይት ብቻ ይፈልጋል፤ የአንድ ደቂቃ ቪዲዮ ግን እንደ ጥራቱ ከ100 ሜጋባይት ሊበልጥ ይችላል። የጽሑፍ መልእክት ከምንም አይቈጠርም። ስለዚህ ደብዳቤዎችን አንድ በአንድ መደምሰስ በከንቱ መድከም ነው።

አንደኛ፤ ቴሌግራምን ይመልከቱ። በየቻናሉ ያዩት ቪዲዮና የሰሙት ድምፅ ሁሉ ቅጂው በስልክዎ ውስጥ ይከማቻል። ይህ ቅጂ ካሽ ይባላል። ዋናው ግን በቴሌግራም ኮምፒውተሮች ላይ ስለሚቀመጥ፣ ላኪው ካላጠፋው በቀር፣ ሲፈልጉ መልሰው ሊያወርዱት ይችላሉ። በሴቲንግ ውስጥ ዳታ ኤንድ ስቶሬጅ፣ ቀጥሎም ስቶሬጅ ዩሴጅ የሚለውን ከፍተው ካሹን ያጽዱ። ፋይሎቹ በራሱ ሳያወርዱ እንዲቀሩም አውቶማቲክ ዳውንሎድ የሚለውን ይዝጉ።

ሁለተኛ፤ ዋትስአፕ ከዚህ ይለያል። የተላከልዎ ፎቶግራፍ ከደረሰዎ በኋላ የሚኖረው በስልክዎ ውስጥ ነው፤ ከዚያ ከደመሰሱት ላኪውን ዳግመኛ መለመን ሊኖርብዎ ይችላል። ስለዚህ ማኔጅ ስቶሬጅ በሚለው ቦታ ትልልቆቹን ፋይሎች አይተው፣ የበዓል መልካም ምኞቱንና የቀልድ ቪዲዮውን ብቻ ለይተው ያስወግዱ።

ሦስተኛ፤ ክሊር ካሽና ክሊር ዳታ የሚባሉትን አያምታቱ። የፊተኛው ጊዜያዊውን ትርፍ ይጠርጋል፤ የኋለኛው ግን በመተግበሪያው ውስጥ ያስቀመጡትን ጭምር ያጠፋል።

አራተኛ፤ የደመሰሱት ፎቶግራፍ ብዙውን ጊዜ ወዲያው አይጠፋም፤ በቆሻሻ መጣያው ውስጥ በአብዛኛው እስከ 30 ቀን ይቆያል፤ ቦታውንም እስከዚያ አይለቅም። ይህ በስሕተት ለደመሰሰ ሰው ምሕረት ነው። ቦታ ቸኩሎ ለሚፈልግ ግን መጣያውን በደንብ መርምሮ ባዶ ማድረግ ይኖርበታል።

አምስተኛ፤ የማይተካውን በሁለት ቦታ ያኑሩ። በኮምፒውተር ወይም በሚሞሪ ካርድ መገልበጥ ይቻላል። ኢንተርኔት ያለው ደግሞ ጉግል በነፃ በሚሰጠው 15 ጊጋባይት ሊጠቀም ይችላል። ነገር ግን ቅጂው በሚገባ መድረሱን ከፍተው ሳያረጋግጡ ከስልክዎ አይደምስሱ። በጉግል ፎቶስ ውስጥ እንደ ተራ ፎቶግራፍ የሚደመሰስ ነገር ከስልኩም ከኢንተርኔቱም እንደሚጠፋ ይወቁ፤ ከስልኩ ብቻ የሚያነሣው ፍሪ አፕ ስፔስ የሚለው ነው።

ስለ ማስቀመጫ ጥበት ከተነሣ ከሀገራችን የእስር ቤት ታሪክ አንድ ነገር ሳናነሣ ልናልፍ አይገባንም። አቶ ነቢይ መኮንን በደርግ ዘመን ታስረው ሳሉ የማርጋሬት ሚቸልን ታዋቂ ልብ ወለድ ወደ አማርኛ የመለሱት፣ የሚጽፉበት ሌላ ነገር ስላልነበረ፣ ከሲጋራ ፓኮ ውስጥ በሚወጣ ወረቀት ላይ ነበር። የወረቀቱም ብዛት 3,000 ያህል ደርሷል። ሥራው ከእስር ቤት ወጥቶ «ነገም ሌላ ቀን ነው» በሚል ርእስ ታትሟል። በዚያች ብጣሽ ወረቀት ላይ ሳይታሰብበት የገባ ነገር አልነበረም። እኛ ግን ሰፊ ማከማቻ ስለ ታደልን ያልመረጥነውን እናጠራቅማለን፤ ሲጠበን ደግሞ የምንወደውን እንጥላለን።

ስለዚህ፣ አንባቢ ሆይ፣ ስልክዎ እስኪያስጨንቅዎ ድረስ አይጠብቁ። ደመወዝ በሚቀበሉበት ሰሞን ግማሽ ሰዓት መድበው በየወሩ ጎተራዎን ይፈትሹ፤ ገለባውን ያንሡ፣ ዘሩን ግን ያኑሩ።